ለሬዲዮ የተሰጠ መሬት

ባለፈው ሳምንት ሁለት ወጣት መሐንዲሶች ከትልቁ አንቴናችን ሥር ጉድጓድ ቆፍረው የመዳብ ዘንግ ሲቀብሩ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። በዘንጉ ዙሪያ ጨው የተበጠበጠበት ውኃ ሲያፈሱ የረጠበ ዋልካ ሽታ ሽቅብ መጣና አፍንጫዬን ሞላው። እንዲህ ከአፈር ጋር ማገናኘቱን እነሱ «ኧርዝ» ይሉታል። እኔ ግን ፀጉሬ እስኪሸብት ከሳተላይት ጋር ስነጋገር ኖሬም ዛሬም «መሬት» ነው የምለው። «መሬት ሰጣችሁት?» ብዬ ጠየቅኋቸውና ብቻዬን ሳቅሁ። ምን እንዳሳቀኝ ለእነሱ አልነገርኋቸውም፤ ለእናንተ ልንገራችሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ አገሩ ፎገራ፣ ቁሐር ሚካኤል። ወረታ አሥራ አንደኛ ክፍል የምማር ልጃገረድ ነበርሁ፤ ትምህርት ሲዘጋ ክረምቱን እናቴ ዘንድ እከርም ነበር። ፎገራ ክረምት ሲገባ ሜዳው ሐይቅ ይሆናል። ከብቱ ወደ ከፍታው ይወጣል፣ ሰው በታንኳ ይጠያየቃል፣ ጣና ራሱ ደጃፋችን ድረስ የመጣ ይመስል ነበር። ያን የጭቃና የበሰበሰ ሣር ሽታ ሌላ ሰው ላይወደው ይችላል። እኔ እስከ ዛሬ ስናፍቀው እኖራለሁ።

ታላቅ ወንድሜ ለውትድርና ከተወሰደ ሁለተኛ ክረምቱ ነበር። ከሄደ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። እናቴ ሰው ፊት አታለቅስም። የእሱን ማረሻ ግን ዝገት እንዳይበላው ከግድግዳው እያወረደች በኑግ ዘይት ትወለውለዋለች፤ ከዚያ መልሳ ትሰቅለዋለች።

አንድ ቀን ጎረቤታችን ከወረታ ገበያ ስትመለስ በቤታችን በኩል አለፈች። «በሬዲዮ የወታደሮችን ሰላምታ ሲያሰሙ የልጅሽን ስም የጠሩ መሰለኝ» አለቻት እናቴን። «የጭነት መኪናው ሲጮህ ቀሪው አመለጠኝ። እሑድ ይደግሙታል አሉ።» ያች «መሰለኝ» የምትባል ቃል እናቴን እህል ከለከለቻት። ልጇ በሕይወት ይኑር አይኑር የሚታወቀው እሑድ ነው፤ ለዚያውም ሬዲዮ ከተገኘ።

በቀበሌያችን ያለው ሬዲዮ አንድ ብቻ ነበር፣ የገበሬ ማኅበሩ። ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ በጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ክረምት ሲገባ ግን ከመንሿሿት በቀር ቃል አይወጣውም፤ ሰዉም «ብርድ መታው» ይል ነበር። መድኃኒቱን የማውቀው እኔ ነበርሁ። የፊዚክስ መምህራችን ከሬዲዮ አንድ ሽቦ አውጥቶ ከፍ አድርጎ መዘርጋት፣ ሌላውን ደግሞ ከእርጥብ መሬት ማገናኘት ድምፅ እንደሚያጠራ አስተምሮናል። ከወረታ መገንጠያ ጋራዥ ለምኜ ያመጣሁት የተቃጠለ ዲናሞ ሽቦም በእጄ ነበር።

ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄድሁ። ሸምገል ያሉ፣ ዕድሜያቸውን በሰው መሬት ሲያርሱ ኖረው በአዋጁ የራሳቸውን ያገኙ ሰው ናቸው። ወንድሜን ለዘመቻ የመለመሉትም እሳቸው ነበሩ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ሬዲዮው መሬት ቢሰጠው ይናገር ነበር» አልኋቸው።

እስኪርቢቷቸውን አስቀመጡ። «ምን ያህል መሬት?»

«ትንሽ ይበቃዋል። እርጥብ ይሁን እንጂ።»

«እርጥቡንማ ማን ይጠላል። ሰዉ እርጥብ መሬት አጥቶ ደጄን ያንኳኳል፣ አንቺ ለሬዲዮ ትለምኛለሽ? መሬት ላራሹ ነው ልጄ። ሬዲዮ ያርሳል?»

«የለም፣ የሚቀበር ነገር አለ...»

«የመንግሥትን ንብረት ልትቀብሪ?» አሉና በሩን አሳዩኝ።

የሆነውን ለእናቴ ነገርኋት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ማረሻውን ከግድግዳው አወረደችና «ነይ» ብላ ከፊት ከፊቴ ጭቃውን እየሰነጠቀች ሄደች። ሊቀመንበሩ ፊት ስትደርስ ማረሻውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«መሬት ለሚያርስ አይዶል የሚሰጠው? ይኸው ማረሻ፤ የልጄ ነው። እሱ እስቲመለስ ሬዲዮው ይረስበት።»

ሊቀመንበሩ ማረሻውን አዩት፤ በዘይት ያብረቀርቃል። ተነሡና፣ ማንንም ሳያዝዙ፣ ዶማ ይዘው ከመስኮቱ ሥር ራሳቸው መቆፈር ጀመሩ። «ክንድ ከስንዝር ይበቃዋል?» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ። ይበቃዋል አልኋቸው። ሽቦውን በማረሻው ላይ ጠምጥሜ ቀበርነው፤ ሌላውን ከባሕር ዛፉ ጫፍ አሰርሁት።

እሑድ ጽሕፈት ቤቱ በሰው ጢም አለ። እርጥብ ጋቢ ይሸታል። ድምፁ ጠርቶ መጣ። የብዙ ሰው ልጅ ሰላምታ አለፈ። ከዚያ ወንድሜ፣ ራሱ፣ በገዛ ድምፁ፦ «እናቴ፣ ደህና ነኝ። ላሚቱ ወለደች ወይ?»

እናቴ ተነሥታ ወደ ሬዲዮው ጎንበስ አለች። ከውኃ ማዶ ሰው እንደምትጠራ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ወልዳለች ልጄ፤ እንስት ናት» አለች።

«እማ፣ እሱ እኮ አይሰማሽም» አልኋት፣ ቀሚሷን ይዤ።

«ለምን? የሱ በመጣበት ሽቦ የኔ አይሄድም?»

ማንም አልሳቀም። እኔም መልስ አልነበረኝም፤ ያ መልስ ማጣት ነው መሐንዲስ ያደረገኝ። በሙያዬ ስመ ጥር የሆኑ ሰዎች ልጅነታቸውን ሲያወሩ ኮከብ እያዩ ማደጋቸውን ይናገራሉ። እኔ ጭቃ ውስጥ የተቀበረ ማረሻ እያየሁ ነው ያደግሁት። ከዓመታት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መምህሩ፣ አንድ አንቴና ከየትኛውም አቅጣጫ አጥርቶ የሚቀበል ከሆነ ወደዚያው አቅጣጫ አጥርቶ መላክም ይችላል፣ ሲል ሰማሁ። ያኔ እንባዬ መጣ። ለካ የእናቴ ቃል በዚያ ሽቦ መሄድ ይችል ነበር፤ የጎደለው የሚገፋው ጉልበት ብቻ ነው።

ወንድሜ ደርግ በወደቀበት ክረምት ከስቶ፣ ጉልበቱ ድረስ ውኃ እያቋረጠ መጣ። ተቃቅፈን ሳንላቀቅ ስለ ላሚቱ ጠየቀ። «ያኔውኑ መልሼልህ ነበር፤ አልደረሰህም?» አለችው እናቴ። የምትቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷ ግን ዞር ብላ እኔን አየችኝ፤ ቅሬታ የለባትም፣ የቀረ ሥራ እንዳለኝ ልታስታውሰኝ ያህል ነው።

አሁን እናቴ የለችም። በጣም ትናፍቀኛለች። ባለፈው ሳምንት ወጣቶቹ ዘንጉን ቀብረው ሲጨርሱ ሳተላይታችን ከአድማስ ብቅ አለች። ትእዛዙን ላክንና መጠበቅ ጀመርን። ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ሳይታየው አልቀረም፣ አንደኛው «ምን አሉ?» አለኝ።

«ደረሰ ወይ ነው ያልሁት።»

«ደርሷል» አለኝ፣ ስክሪኑን እያየ።