ሰባት ቀን ለሰርቨሩ

በዕብራይስጥ ሃዒር ሃዓቲቃ፣ አሮጌው ከተማ፣ በሚሉት ሰፈር ባለች አንዲት ማተሚያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ። አንድ ቀን አለቃዬ «ሰርቨሩ ላይ አንቲቫይረስ ጫኚ» ሲለኝ ደሜ ፈላ። የሚሠራው በሊኑክስ እኮ ነው! የዊንዶውስ በሽታ መች ይይዘዋል?

ሽኩና ቫቭ የሚባለው ሰፈር ያለው ቤታችን እንደገባሁ ብሶቴን ለእናቴ ዘረገፍኩላት። «ሰርቨሩ አይታመምም፤ ምን ያደርግለታል?»

«ሰዉ ሁሉ ፋይሉን እሱ ዘንድ ያኖራል አላልሽም?» አለችኝ። «በአገራችን፣ በእኛ በአይሁዶቹ መንደር፣ ሬሳ የነካ ሰው መች ታመመ? ሌላውን እንዳያረክስ ግን ሰባት ቀን ከመንደር ውጭ ይቀመጥ ነበር። ታጥቦ ነው የሚገባ።»

በነጋታው እያጉረመረምኩ ጫንኩት። ፕሮግራሙ ቫይረስ ያለበትን ፋይል ለይቶ የሚያቆይበት ቦታ አለው። ስንት ቀን ይቆይ ብሎ ሲጠይቀኝ እጄ ሳላስበው ሰባት ጻፈ።

ፍተሻው ሲያልቅ አሥራ አንድ ቫይረስ ተገኘ። አሥራ አንዱም ከቤት በሲዲ አምጥቼ ሰርቨሩ ላይ የገለበጥኳቸው ዘፈኖቼ ውስጥ ነበሩ። የሌላ ሰው ፋይል ላይ አንድም አልነበረም።

ያን ቀን ቤት ስደርስ ገና በሩ ላይ ቆሜ ለእናቴ ነገርኳት። ከት ብላ ስቃ በሩን መልሳ ገርበብ አደረገችና፣ «እንግዲያው ታጥበሽ ግቢ» አለችኝ።