የመምህር ዓባይነህ ኩሬ

መምህር ዓባይነህ ባዮሎጂ ያስተማሩኝ በ2001 ዓ.ም.፣ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ስለ ምግብ ሰንሰለት ሲያስተምሩ ሰሌዳው ላይ ሁልጊዜ ኩሬ ይስሉ ነበር። ከሥር ጭቃውን፣ ከላዩ አልጌውን፣ የትንኝ እጩን፣ ትንሹን ዓሣ፣ ትልቁን ዓሣ፤ ዳር ዳሩን ደግሞ ደንገልና የውሃ አበባ። ሰዓቱ ሲያልቅ ሰሌዳ ሊያጠፋ የተነሳውን ተማሪ «ተወው፣ እኔው አጠፋዋለሁ» ይሉትና ትንሽ ቆመው ያዩታል። ከቀይ አፈር ወደ ጂንካ የተዛወሩት በ1984 ዓ.ም. ነበር። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሃያ ስምንት ዓመት ያንኑ ኩሬ ሲስሉና ሲያጠፉ ኖሩ።

እኔ አስካል እባላለሁ። ሰፈራችን ውስጥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ፤ ቤቴ ከመምህር ቤት ሦስት ግቢ አልፎ ነው። የሳቸውን ነገር ሰው በየፊናው ያወራዋል። እኔ ግን እዚያው ስለነበርኩ፣ ከነገሩም ራሴን ስለማላወጣ፣ እንደሆነው እናገረዋለሁ።

ጡረታ በወጡ በዓመቱ አንድ ቀን ለባለቤታቸው ለወይዘሮ የሺሃረግ ከጓሮ ኩሬ ሊሠሩ እንዳሰቡ ነገሯቸው። ዓሣ ያለበት፣ አበባ ያለበት፣ እውነተኛ ኩሬ።

«ጌሾዬን ነቅለህ ውሃ ልታቁርበት?» አሏቸው ወይዘሮ የሺሃረግ።

«ይኸን ሁሉ ዓመት በጠመኔ ሠራሁት፣ የሺ። አንዴ እንኳ በእውነት ልሥራው።»

 በሳምንቱ አንድ ማለዳ ወይዘሮ የሺሃረግ ራሳቸው ዶማ ይዘው ወጡና ጌሾውን እየነቀሉ ወደ አጥሩ ጥግ አዛወሩት። ልጆቻቸው ሁለቱም ሐዋሳ ናቸው፤ ግቢው ውስጥ ያሉት እነሱ ብቻ ነበሩ። ባላቸው የሚጠመዱበት ነገር ማግኘታቸውን ሳይወዱት አልቀሩም።

መምህር አንድ ደብተር ሙሉ ነደፉ። ፀሐይ ከጠዋት እስከ ማታ ግቢው ውስጥ የት የት እንደምታርፍ መዘገቡ። የሙዙ ቅጠል እየረገፈ ውሃውን እንዳያበላሸው ኩሬውን ከሙዙ አራቁት። ከዚያ ዶላሞን ጠሩ። ዶላሞ ከጋሞ ደጋ የመጣ ግንበኛ ነው፤ ጂንካ ውስጥ የውሃ ታንከር ሲለስን ነው ያረጀው። ሁለቱ ሆነው ችካል ተከሉ፣ ሲባጎ ወጠሩ፤ ውሃ በሞላ ላስቲክ ቱቦ ልኩን ከዳር ዳር አስተያዩ። ርዝመቱ ስድስት ሜትር፣ ወርዱ አራት፣ መሃሉ አንድ ሜትር ጥልቀት። በምሥራቅ በኩል ግን መምህር ሌላ ነገር ፈለጉ፤ ውሃው ከስንዝር የማይበልጥበት፣ አበባውና ደንገሉ የሚቆምበት ሰፊ እርከን።

«መምህር፣ ይቺን እርከን ብንተዋትስ?» አላቸው ዶላሞ። «ግድግዳው ቀጥ ብሎ ቢወርድ ይጠነክራል። ለማጽዳትም ይቀላል።»

«አበባውስ የት ይቆማል?»

«በባልዲ ተክለን መሃል ላይ እናስቀምጠዋለን።»

«አይሆንም፣ ዶላሞ። ኩሬ ዳር ከሌለው ጉድጓድ ነው።»

ዶላሞ ሳቀና እንዳሉት ሠራው። ድንጋዩን ከኔሪ ወንዝ አመጡ፤ ልስኑን ሦስት ጊዜ ደራረቡት። አዲስ ሲሚንቶ ውሃውን ስለሚያቃጥለው ወዲያው ዓሣ አይገባበትም። የሙዝ ግንድ እየከተፉ ውሃው ውስጥ ዘፈዘፉ፤ እሱን ደፍተው እንደገና ሞሉ፤ ደግመው ደፉ። ወር ከምናምን ፈጀባቸው።

የመጀመሪያዎቹ ዓሦች አልኖሩም። አርባ ምንጭ አካባቢ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ጫጩት ከሚያረባ ሰው መቶ ያህል በላስቲክ ታስረው በአውቶቡስ ተላኩላቸው። አውቶቡሱ ወይጦ ላይ ተበላሸና ቀትሩን እዚያ ንዳድ ውስጥ ዋለ። ጂንካ ደርሶ ላስቲኩ ሲፈታ የሚንቀሳቀሱት አሥራ አንድ ነበሩ፤ በሦስተኛው ቀን እነሱም አለቁ። መምህር አንድ በአንድ ለቅመው ሙዙ ሥር ቀበሯቸው። ለሁለተኛው ጊዜ ራሳቸው ሄዱ። ገና ጎህ ሳይቀድ በጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍረው፣ ጀሪካኑን በጉልበታቸው መሃል ይዘው፣ በየመንገዱ ውሃ እየለወጡ መጡ። ስልሳ የሚሆኑ ተረፉ።

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ያየሁትን አልረሳውም። የውሃ አበባው እርከኑ ላይ ፈክቶ፣ ደንገሉ ሰው አክሎ፣ ዓሦቹ የመምህርን ጥላ ሲያዩ ተሰብስበው ይመጡ ነበር። ዝናብ ሲያባራ የሚወጣውን ምስጥ እየለቀሙ ይበትኑላቸዋል። ከትምህርት ቤት ድሮ አብረዋቸው ያስተማሩ ሰዎች እየመጡ ያዩ ነበር። እኔም ሥራ ስጨርስ ጎራ እል ነበር። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ።

ከመምህር ግቢ ጋር አጥር የምትጋራው እትዬ ተዋበች ናት። ሐሙስ ቀይ አፈር፣ ቅዳሜ ዲመካ ገበያ እየወጣች ማርና ቅቤ ትነግዳለች። ያለቻት አንድ ልጅ ሃይሚ ነበረች። ሃይሚ ዲመካ ወረዳ ቢሮ የሚሠራ ልጅ አግብታ እዚያው ትኖር ነበር፤ ስታረግዝ በ2015 ሐምሌ ላይ እናቷ ቤት ልትወልድ መጣች። የመጀመሪያዋ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። እግሯ ያብጥባት ስለነበር ከሰዓት በኋላ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ትመጣና እርከኑ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ እግሯን ውሃው ውስጥ ትነክራለች። ወይዘሮ የሺሃረግ አንዳንዴ የተቀቀለ በቆሎ ያመጡላታል። እስኪመሽ እዚያው ትቆይ ነበር።

አንድ ቀን እኔ እዚያ እያለሁ እትዬ ተዋበች በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ጠየቀች።

«መምህር፣ ይሄ ውሃ ትንኝ አያመጣም? ልጄ እርጉዝ ናት፣ እፈራለሁ።»

መምህር ሳቁ። የንቀት ሳቅ አልነበረም፤ መልሱን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ሳቅ ነው። «ተዋበች፣ ይህንን ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ መሰለሽ! ዓሣ ባለበት ውሃ የትንኝ እጭ አያድግም። ይበሉታል። እንዲያውም ሰፈሩን የሚጠብቁት እነሱ ናቸው።»

«እንግዲህ እርስዎ ካሉ» አለች።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ያሉት ስህተት አልነበረም፤ እኛም ስንሠለጥን ዓሣ እጭ ይበላል ተብለናል። ጎንበስ ብዬ ግን አላየሁም።

የ2016 መስከረም ዝናቡ አላቆም አለ። ወባው በየቤቱ ገባ። መምህር ራሳቸው ታመው ሁለት ሳምንት ተኙ፤ ከአልጋ ሲነሱም ጉልበት አልነበራቸውም። ኩሬውን የሚያጸዳ አልነበረም። የአበባው ቅጠል እርከኑን ሞላው፤ ደንገሉ ወደ ውስጥ ገፋ። ሲያዩት ያምር ነበር፤ አረንጓዴ ሆኖ፣ ጥቅጥቅ ብሎ።

ጥቅምት ላይ ሃይሚ ራሷን አመማት። የእርግዝናው ድካም ነው ብላ ሁለት ቀን ዝም አለች። በሦስተኛው ቀን እትዬ ተዋበች ስትጠራኝ ሄጄ ጣቷን ወግቼ መረመርኳት፤ ከባዱ ዓይነት ወባ ነበር። ሰውነቷ እንደ እሳት ይፋጃል፤ ስታወራ ደግሞ ነገሯ ይምታታ ነበር። በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናት። በነጋታው ሆዷ ውስጥ የነበረው ልጅ መንቀሳቀስ አቆመ። በማግስቱ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እሷም ሞተች። የስምንት ወር እርጉዝ ነበረች።

ቀብሩ ላይ የነበረውን ጩኸት አልጽፈውም። መምህር በእድሩ ድንኳን ውስጥ ከጥግ እስከ ጥግ አግዳሚ ሲያመላልሱ ዋሉ። ገና ከሕመም የተነሱ ናቸውና «መምህር፣ ይቀመጡ» ቢባሉም አልተቀመጡም።

ከቀብሩ በኋላ ባለው ሳምንት ያቆረ ውሃ ፍተሻ በየቤቱ ታዘዘ። ረጅም እጀታ ያለው ነጭ ጭልፋዬን ይዤ ቤት ለቤት ዞርኩ። መምህር ግቢ ስደርስ ራሳቸው እየመሩ ወደ ጓሮ ወሰዱኝ።

«እዚህ እንኳ ጊዜሽን አታጥፊ» አሉኝ። «ግን ሥራሽ ነው፣ እዪው።»

መሃሉን ጨለፍኩ፤ ጥርት ያለ ነበር። በስተደቡቡም እንዲሁ። ከዚያ እርከኑ ላይ ቅጠሉን በእጄ ገለጥ አድርጌ ጨለፍኩ። ጭልፋው ነጭ ስለሆነ ወዲያው ታየኝ። ከውሃው ፊት ጋር ጋደም ብለው፣ ጥላዬ ሲያርፍባቸው እየተወራጩ ወደ ታች የሚሸሹ፤ የወባ ትንኝ እጮች ነበሩ። ሃያ ቆጥሬ ተውኩት። ደግሜ ጨለፍኩ፤ ያው ነው። ዓሦቹ አድገዋል፤ ስንዝር በማይሞላ ውሃ፣ ሥርና ቅጠል ተጠላልፎበት፣ እዚያ ሊደርሱ አይችሉም።

ጭልፋውን ዘረጋሁላቸው። መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው አደረጉና አዩ። 

«አስካል» አሉኝ፣ «ሃይሚ የምትቀመጠው እዚህ ጋ ነበር።»

«መምህር፣ ከየት እንደመጣ ማንም አያውቅም። ካየሁት አርባ ቤት አሥራ አንዱ ውስጥ እጭ አለ። የእትዬ ተዋበች የገዛ በርሜል ውስጥም አለ። ያችን አንዷን ትንኝ ማን ያውቃታል?»

ያልኩት እውነት ነው። ዛሬም እውነት ነው። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በርሜሉ ተዋበችን አይዞሽ አላላትም። እኔ ነኝ ያልኳት።»

ያን ዕለት እርከኑ ላይ የነበረውን ሁሉ በእጃቸው ነቀሉት። እኔ ሪፖርቴ ላይ ቁጥር ብቻ ጻፍኩ፤ አሥራ አንድ ቤት፣ አሥራ ሁለተኛው የመምህር ዓባይነህ።

ወይዘሮ የሺሃረግ ለእትዬ ተዋበች እንዳይነግሩ ለምነዋቸው ነበር። «ዝም በል» አሏቸው፣ እኔ ባለሁበት። «ብትነግራት ልጇ አትነሳ። ሐዘኗ ላይ ሌላ ሐዘን መጨመር ነው። ለአንተ እንዲቀልህ ብለህ ነው እንጂ ለሷ ምን ይጠቅማታል?»

 መምህር የሃይሚ አርባ እስኪወጣ ጠበቁ። ከዚያ አብሬያቸው እንድሄድ ጠየቁኝና ሄድኩ። እትዬ ተዋበች ከል ለብሳ መደብ ላይ ተቀምጣለች። መምህር ገና ከመግባታቸው ወንበር እንዲቀርብላቸው አደረገች። እሳቸው ግን ቆመው ነው የተናገሩት። እርከኑን፣ እጩን፣ እኔ ያሳየኋቸውን፤ ምንም ሳያስቀሩ። የበርሜሏን ነገር አላነሱም። እኔ ላነሳው አፌን ስከፍት ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

 እትዬ ተዋበች የነጠላዋን ጫፍ ጠቅልላ ፈታች።

«ጠይቄዎት ነበር» አለች።

«ጠይቀሽኝ ነበር።»

«ስቀው ነው የመለሱልኝ።»

«አዎ።»

ወደ እኔ ደግሞ አየች። እኔ ዓይኔን ሰበርኩ። ከዚያ ድምፅዋን ሳትጨምር፣ በዚያው ቃና፦

«ውጣ» አለቻቸው። «ከቤቴ ውጣ። ሁለተኛ እግርህ እዚህ እንዳይደርስ።»

ጂንካ ውስጥ መምህር ዓባይነህን አንተ የሚላቸው ሰው ሚስታቸው ብቻ ነበሩ። ሲወጡ ደፉ አደናቀፋቸው፤ ክንዳቸውን ደግፌ አስወጣኋቸው።

በዚያው ሳምንት ዶላሞን ጠርተው ኩሬውን እንዲያፈርሰው ነገሩት። ዶላሞ ተከራከራቸው።

«መምህር፣ እርከኗን ብቻ በድንጋይና በሲሚንቶ ልድፈናት። በአንድ ቀን አልቆ ያድራል። ዓሦቹ ምን አደረጉ?»

«አፍርሰው፣ ዶላሞ።»

ውሃው በባልዲ ሲቀዳ ዓሦቹ መሃል ላይ ተጨናንቀው ጭቃው ላይ ይገላበጡ ጀመር። አንዳንዱ ከክርን እስከ እጅ አንጓ ይሆናል። ዶላሞ በጆንያ ሰብስቦ ለቤተሰቡና ለጎረቤቶቹ ወሰደው። ወይዘሮ የሺሃረግ ለቤት ሁለት ያስቀሩ እንደሆነ ጠየቋቸው፤ መምህር ወደ ውስጥ ገብተው በሩን ዘጉ። ግድግዳው ጥሩ ተሠርቶ ስለነበር ለመስበር ሦስት ቀን ፈጀ። ከዚያ በአፈር ተሞላ።

እትዬ ተዋበች ነገሩን ለማንም አላወራችም። ሰው የሰማው ከሌላ፣ ምናልባትም ከመምህር ከራሳቸው ነው፤ ለጠየቃቸው ሁሉ ይናገሩ ነበርና። አንዳንዱ አበዱ አለ። ልጁ የታመመበት ሁሉ ደግሞ ወደዚያ ግቢ ማየት ጀመረ። በዓመቱ እትዬ ተዋበች ቤቷን አከራይታ ዲመካ ገባች፤ ከሃይሚ ባል ቤት አጠገብ አንዲት ክፍል አላት አሉ። እኔ ሥራዬ ላይ ነኝ። አሁን ጭልፋዬን ሳልነክር ማንንም አይዞህ አልልም። ይህ ግን ለሃይሚ ዘግይቷል።

ባለፈው ታኅሣሥ ወይዘሮ የሺሃረግን ሳል ያዛቸውና መምህር ንጹሕ ማር ፍለጋ በቅዳሜ ሚኒባስ ዲመካ ወረዱ። እንደነገሩኝ፣ ገበያው መሃል ሲደርሱ እትዬ ተዋበች የማር ቅሎቿን ከፊቷ ደርድራ ተቀምጣ አዩአት። ከስታለች አሉኝ። ከአንዲት የሐመር ሴት ጋር በምልክት እየተስማማች ትሸጥ ነበር። መምህር ከቆመ የጭነት መኪና ኋላ ተጠግተው ቆዩ። ሌላም ማር ሻጭ ነበር፤ ግን ወደ እሱ ለመሄድ በፊቷ ማለፍ ነበረባቸው። ሚኒባሱ ጥሩምባ ሲነፋ ተሳፈሩ። ማር ሳይገዙ ነው የተመለሱት።