መስቀለኛው ሰውዬ

እትዬ መነጽርን ከማወቄ በፊት ሸሚዝ ማለት ሸሚዝ ብቻ ይመስለኝ ነበር። በልብስ ፋብሪካው የጥራት ክፍል፣ በአንድ ረጅም ነጭ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርተናል። ሸሚዙ ከስፌት ክፍል ይመጣል፤ እሷ አንገቱን፣ እጅጌውን፣ የኪሱን ጠርዝ ታያለች፤ ጉድለት ያገኘችበት ላይ ጣቷን ትክል አድርጋ በጠመኔ ምልክት ታደርግና ወደ ግራ ትወረውረዋለች። እኔ አዝራር እቆጥራለሁ። እሷ ያሳለፈችውን ሸሚዝ የመለሰ ደንበኛ ሰምቼ አላውቅም። ትክክለኛ ስሟን ከደመወዝ መዝገቡ በስተቀር የሚጠራው የለም፤ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ የሚንጠለጠለው ወፍራም መነጽር ስሟን ቀምቷታል። ቅጽል ስሙን ያወጡላት ሰፊዎቹ ናቸው፣ በንዴት። "እትዬ" የሚለውን የጨመርንበት ደግሞ እኛ ነን፣ በፍርሃት።

ኮስታራ ናት። ለምን እንዳላገባች የሚጠይቃት ደፋር ከተገኘ "እንከን እያየሁ ማሳለፍ አልችልም" ብላ ወደ ሸሚዟ ትመለሳለች። ሥራ ሲያልቅ ግራ ቀኝ ሳትል ወደ አባቷ ቤት ነው። አባትዬው ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ እግራቸው ከድቷቸው ከወንበርና ከአልጋ ውጭ ቦታ የላቸውም። ወንድም እንደነበራት የነገረችኝ በተዋወቅን በስምንተኛው ዓመት ነው። "ሞቷል። ሰክሮ ነው ይላሉ" አለችኝና ነገሩን እንዳለቀ ሸሚዝ አጣጥፋ አስቀመጠችው። እኔም አልገፋሁም።

እኔ ደግሞ፣ ምን ይደበቃል፣ ወሬ እወዳለሁ። ሟቹ ባለቤቴ ጊታር የሚጮህበት የሮክ ሙዚቃ ነፍሱ ነበር፤ እሱ ሲሞት ጩኸቱን ወረስኩ። እናም ዓምና፣ ከአርባ ዓመት በፊት የተቀረጸ አንድ የታወቀ የሮክ ኮንሰርት ፊልም ተጠግኖ፣ ጸድቶ ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ ከመጀመሪያዎቹ ተመልካቾች አንዷ እኔ ነበርኩ። የተቀረጸው እዚሁ ከተማችን ስታዲየም ውስጥ ነው፣ አሁን ግማሹ የመኪና ማቆሚያ በሆነው። በድሮው ኮፒ ላይ ሕዝቡ የሚታየው እንደ አንድ ጥቁር ጭቃ ነበር። ከጸዳ በኋላ ግን እያንዳንዱ ሰው ፊት አወጣ፣ ላቡ ሳይቀር ይታያል።

እውነቱን ለመናገር ከፊልሙ ይልቅ ከሥሩ የተጻፈው የተመልካች አስተያየት ነበር የሚያዝናናኝ። አንዱ "የዛሬ ዘፋኞች ይሄን አይተው ማይክራፎናቸውን ይመልሱ" ይላል። ሌላው ከበሮ መቺው ያን ቀን ምሳ እንዳልበላ ከእጁ አሰነዛዘር ተነስቶ ይተነትናል። አንዷ "እናቴ አባቴን የተዋወቀችው እዚህ ኮንሰርት ላይ ነው፣ ጥፋቱ የባንዱ ነው" ብላለች። ካሜራው ጊታሪስቱን ትቶ ለምን ሰማይ እንደሚያሳይ የሚቆጣም አለ። ከሁሉ በላይ ግን ሰው አፉን የሚከፍተው "መስቀለኛው ሰውዬ" ብለው በሰየሙት ወጣት ላይ ነበር።

ትልቁ ዘፈን ሊያልቅ ሲል፣ ከመድረኩ ፊት ካለው የብረት አጥር አጠገብ፣ ባለ መስመር ሸሚዝ የለበሰ አንድ ወጣት ይታያል። ሁለት ክንዶቹን ከራሱ በላይ ቀጥ አድርጎ ያነሳና አንጓው ላይ ያጣምራቸዋል። ይፈታል፣ መልሶ ያጣምራል። አፉ ተከፍቷል፣ ዓይኑ ወደ ላይ ነው። ስድስት ሰከንድ ያህል ይታይና ካሜራው ይዞራል። ያቺን ስድስት ሰከንድ አንዱ ቆርጦ ለብቻዋ ቢያወጣት በጥቂት ወራት ውስጥ አራት ሚሊዮን ሰው አያት። "ደስታ ማለት ይሄ ነው።" "ይሄ ሰውዬ የጠጣውን ለእኔም ቅዱልኝ።" "ዛሬ አያት ሆኖ ወገቤን እያለ ይሆናል።" ፊልሙ በሲኒማ ቤት ሲታይ ደግሞ ዘፈኑ እዚያ ጋ ሲደርስ አዳራሹ በሙሉ ተነስቶ ክንዱን ያጣምራል አሉ። እኔም የበኩሌን ጽፌያለሁ፤ "እንዲህ የሚጨፍር ባል ቢገጥመኝ ኖሮ ዕድሜ ልኬን ሳህኑን አጥብለት ነበር" አልኩ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ወደደልኝ፣ እኔም ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

አንድ ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ፣ እስቲ እትዬ መነጽርን ላስቃት ብዬ ስልኬን ከሳህኗ አጠገብ አቆምኩላት።

"ይሄን እብድ እይልኝ" አልኳት።

አልሳቀችም። መነጽሯን አወለቀች፣ በጋዋኗ ጫፍ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች።

"መልሺው" አለች።

መለስኩት።

"አሁንም።"

በሦስተኛው ጣቷን መስታወቱ ላይ ተክላ አቆመችው። ሸሚዝ ላይ እንደምታደርገው ነው ያደረገችው።

"የኪሱ መስመር ከደረቱ መስመር ጋር አልገጠመም" አለች። "የሰፋሁት እኔ ነኝ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፣ መግጠም አላውቅም ነበር። ይሄ ጋሼ ነው።"

ጋሼ የምትለው ታላቅ ወንድሟን እንደሆነ ገባኝ። ከመደንገጤ የተነሳ "እንዴት ደስ ብሎታል፣ ነፍሱን ይማር" አልኩ።

"ደስ አላለውም። አይጨፍርም። ቁም እያለ ነው።"

ያን ቀን እሷ ስትነግረኝ ምሳችን ቀዘቀዘ። አባቷ የክሬን ኦፕሬተር ነበሩ፤ ወንድሟ ደግሞ ከሥር ሆኖ ለአባቱ ምልክት ሰጪ። ሕንፃ በሚሠራበት ቦታ የላይ ሰው የታች ሰውን አይሰማም፤ ስለዚህ በእጅ ነው የሚነጋገሩት። አንድ ጣት ወደ ላይ ሲዞር አንሳ ነው። መዳፍ ወደ መሬት ሲሆን ቀስ ነው። ሁለት ክንድ ከራስ በላይ ሲጣመር ግን ቁም፣ ሰው ሊሞት ነው ማለት ነው። ሌላውን ምልክት የሚሰጠው ምልክት ሰጪው ብቻ ነው፤ ቁምን ግን ሲሚንቶ የሚያቦካውም ይስጠው፣ በመንገድ የሚያልፈውም ይስጠው፣ ኦፕሬተሩ ማቆም አለበት። ለምን ብሎ ነገር የለም። እጅ ፍሬኑን ይስባል፣ ጥያቄው ከዚያ በኋላ ነው። ልጁ አራት ዓመት አባቱን በዚህ ቋንቋ ሲያናግር ኖሯል። ቤት ውስጥ እንኳ አባትዬው ሲቆጡ ክንዱን ያጣምርባቸውና ሳይወዱ በግድ ያስቃቸው ነበር።

ለኮንሰርቱ እንዳይሄድ አባቱ ከልክለውት ነበር። ሄደ። ሕዝቡ ከኋላ ሲገፋ ደረቱ አጥሩ ላይ ተጣብቆ፣ ቢጮህ በማይሰማበት ቦታ፣ ከመድረኩ በላይ ብረት ላይ ተቀምጠው መብራት የሚያዞሩትን ሰዎች እያየ የሚያውቀውን ምልክት ሰጠ። እነሱ የመብራት ሰዎች እንጂ የክሬን ሰዎች አልነበሩም። የፖሊሱ ወረቀት "በመጠጥ ኃይል ወድቆ ተረግጦ" ብሎ ጨረሰው። አባቱ ወረቀቱን አመኑ። ፎቶውን አወረዱ፣ ስሙን መጥራት ተዉ፣ የግድ ሲሆንባቸው "ሰካራሙ" ይሉታል።

"እናቴ ይቺን ቃል እየሰማች ሞተች" አለችኝ እትዬ መነጽር። "አባባ ሳይሞቱ ያቺን ቃል መልሰው ቢውጧት ሌላ የምፈልገው ነገር የለም።"

እዚያው አስተያየቴን አጠፋሁት። ሳልነግራት ማለፍ እችል ነበር፣ ግን አንጀቴ እንቢ አለኝ።

"ምን ብለሽ ነበር?" አለች።

ነገርኳት።

"አጥበሽ አትችዪውም ነበር። ጋሼ በልቶ አይጠግብም" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስታለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው።

በማግሥቱ እሷ እየነገረችኝ እኔ ጻፍኩ። "ይህ ሰው ወንድሜ ነው። አይጨፍርም። ቁም የሚለውን የክሬን ምልክት ነው የሚያሳየው። ያን ቀን እዚያው ሞቷል። እባካችሁ አትሳቁበት።" አራት ነጥቡን ሳይቀር አስተካከለችልኝ። ከዚያ ጠበቅን። "ደግሞ ሌላ እህት መጣች" አለ የመጀመሪያው፤ ለካ ከእሷ በፊት ስድስት ሰው ዘመዴ ነው ብሏል። "ሞቶም ከሆነ ደስ ብሎት ነው የሞተው" አለ ሌላው። "ያለችንን ደስታ ለምን ታበላሹብናላችሁ" ያለም ነበር። ጥቂቶች ነፍስ ይማር ብለው አለፉ። ስልኬን አንስቼ ከግድግዳ ጋር ባላላትመው ኖሮ ይሻለኝ ነበር የምለው ዋጋው ትዝ ሲለኝ ብቻ ነው፤ መስታወቱ እስካሁን ስንጥቅ ነው።

በአምስተኛው ቀን አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ጻፈ። "ከእሱ ሦስት ሰው ኋላ ነበርኩ። የሚጨፍር መስሎኝ እኔም ክንዴን አጣምሬ መለስኩለት። ወደ አጥሩ የገፋነው እኛ ነን። ተሸክመው ካወጡት አንዱ እኔ ነኝ፤ የመጠጥ ሽታ አልነበረውም። አርባ ዓመት ለማንም አልተናገርኩም።"

እትዬ መነጽር ይሄን በእጇ ወረቀት ላይ ገለበጠችውና "እሁድ አብረሽኝ ነይ፣ ብቻዬን አልችለውም" አለችኝ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ሄድን። ንጹሕ፣ ጠባብ ክፍል ነው፤ አንድ አልጋ፣ መድኃኒት የተደረደረበት በርጩማ፣ መስኮቱ ሥር የእሳቸው ወንበር። ሰውነታቸው አልቆ እጃቸው ብቻ ቀርቷል፤ ከሥራ የወጡበት ሃያ ስድስት ዓመት ያላሳነሰው ትልቅ እጅ ብርድ ልብሱ ላይ ተጋድሟል።

"ይቺ ማን ናት?" አሉ።

"አብራኝ የምትሠራው ናት፣ አባባ።"

"ወሬኛዋ?"

"አዎ።"

"ትቀመጥ።"

መጀመሪያ ወረቀቱን አነበበችላቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡና "የሰካራም ምስክሩ ሰካራም ነው" አሉ። እትዬ መነጽር ስልኩን ከፍታ ፊታቸው ያዘችላቸው።

"ይዩት፣ አባባ። እኔ ምንም አልልም።"

ልጁ ክንዱን አነሳ፣ አጣመረ። የሽማግሌው ቀኝ እጅ ከብርድ ልብሱ ላይ ተነስቶ ወደ ወገባቸው ስቦ ያዘ። ምን እንዳደረጉ እሳቸው ራሳቸው ያወቁ አልመሰለኝም። ቪዲዮው ሲያልቅ ራሱ ይጀምራል፤ ልጁ አጣመረ፣ እጃቸው ሳበ። እንደገና አጣመረ፣ እንደገና ሳበ። እትዬ መነጽር ማጥፊያውን አጣችው። ስልኩን ከእጇ ወስጄ አጠፋሁት። እጃቸው እንደ ጨበጠ ቀረ።

"አልጠጣም" አሉ። "የጠጣ ሰው አንጓውን እንዲህ አይገጥምም። ልጄ አልጠጣም።"

ልጄ አሉ። እትዬ መነጽር እግራቸው ሥር ቁጭ ብላ ጉልበታቸውን አቅፋ አለቀሰች። እኔም ተመስገን፣ እዚህ ጋ አለቀ አልኩ በልቤ። አላለቀም።

"ስንት ሰው ነው ይሄን ያየው?" አሉ።

"ብዙ ነው፣ አባባ።"

"ቁጥሩን ነው የጠየቅኩሽ።"

"አራት ሚሊዮን።"

ወደ መስኮቱ ዞሩ።

"እኔ አላየሁትም" አሉ። "ሳላይ ፈረድኩበት፣ እሱን ተሸክሜ እሄዳለሁ። እነዚህ ግን አይተውታል። ከአራት ሚሊዮን ሰው ይሄ ልጅ ምን ሆኖ ነው ያለ አንድ ሰው ጠፋ?"

ሽማግሌው አንገታቸውን ቀስ ብለው ወደ እኔ አዞሩ።

"አንቺስ አይተሽው ነበር?"

"አይቻለሁ" አልኩ።

"እና?"

መዋሸት እችል ነበር፤ ዓይናቸው ግን የልጃቸውን ዓይን ይመስላል።

"ሳቅኩ፣ አባባ" አልኳቸው።