የባለገመዱ ሦስተኛ ክፍል

ልጄ አስረኛ ክፍል በነበረበት ዓመት፣ መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለው ሰው በብቸና ከተማ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ጎረቤቶቼ "ደግሞ ሄደ!" እያሉ ሲያማርሩ እኔ በልቤ ተመስገን እል ነበር። መብራት ከሌለ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው ጌም ቤት አይሠራም። ጌም ቤቱ ካልሠራ ልጄ ወደ ቤት ይመጣል።

ልጁ ክፉ አልነበረም። አይሳደብም፣ የሰው ዕቃ አይነካም፣ ጫት ቤት ደጅ አይቆምም። ያለበት አመል አንድ ነው፤ አንድ ጌም ይወዳል። ስሙ በእንግሊዝኛ ነው፣ እኔ አልያዘልኝም። ልጆቹ ግን እርስ በርሳቸው "ባለገመዱ" ነበር የሚሉት፤ እኔም እንደዚያው ለመድኩት። ወገቡ ላይ ገመድ የጠመጠመ ሰው ነው። ገደል ይወጣል፣ የፈረሰ ቤተ መንግሥት ውስጥ ይገባል፣ ከወንድሙ ጋር ሆኖ የጠፋ ከተማ ይፈልጋል።

ይህን ያወቅሁት ሄጄ አይቼ አይደለም። እኔ በርበሬና ቅመም አዘጋጅቼ ገበያ አወጣለሁ። ልጄ አጠገቤ ተቀምጦ የበርበሬ ዛላ እየቀነጠሰ ያወራልኛል። እያወራ እጁ ስለሚፈጥን ዝም አሰኝቼው አላውቅም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ክፍል ከነተራራው፣ ሁለተኛውንም ከነዋሻው አውቀዋለሁ። በሁለተኛው መጨረሻ ላይ ዋሻ ውስጥ ያለ ወንዝ ወንድምየውን ይዞት ይሄዳል፤ ሞቶ ይሁን ተርፎ ሳይታወቅ ጨዋታው ያልቃል።

"እና ሞተ?" አልኩት።

"በሦስተኛው ነው የሚታወቀው።"

"ሦስተኛውስ?"

"ገና እየሠሩት ነው፣ እማዬ።"

እየሠሩት ነው ሲለኝ ፈራሁ። ያን ዓመት ግንቦት መጨረሻ ላይ ብሔራዊ ፈተና ነበረበት። እኔ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልሄድኩም። አባቱ ግንበኛ ነው፤ ያኔ ሉማሜ ሥራ ይዞ በየበዓሉ ብቻ ነበር የሚመጣው። በሰፈራችን አስረኛን ያላለፈ ልጅ መንገዱ ይታወቃል። ልብሱን ጠቅልሎ ወደ ሰሊጥ አገር፣ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ነው። ከዚያ በወባ ከስቶ የተመለሰ አለ። ያልተመለሰም አለ። እኔ ሌሊት የሚያባንነኝ እሱ ነበር፤ ልጄን በዚያ መንገድ መሸኘት።

በቅበላ ሰሞን የነፍስ አባታችን ቤታችን መጡ። ወንበር ሳይዙ ነገሩን አነሳሁባቸው።

"አባ፣ ይህን ልጅ አንድ ነገር ይበሉልኝ።"

"ምን አደረገ?"

"ጌም ይጫወታል።"

"ካርታ ነው?"

"ካርታ አይደለም አባ፤ በቴሌቪዥን ነው። ሰውየው ገደል ይወጣል።"

"የማን ሰው ነው? የዚህ ሰፈር ሰው ነው?"

ልጄ ሳቁን ሊውጥ ጉንጩን ነፋ። "አባ፣ የሥዕል ሰው ነው። እውነተኛ አይደለም" አላቸው።

"እውነተኛ ያልሆነ ሰው ገደል ሲወጣ አንተ እዚያ ምን ትሠራለህ?"

"እኔ ነኝ የማወጣው።"

አባ ጢማቸውን አሻሹ። ከዚያ "ሁዳዴ እየገባ ነው። ከሥጋውና ከቅቤው ጋር ይህንንም ጨምረህ ትጾማለህ። ጾሙ እስኪፈታ እዚያ ቤት አትግባ" አሉት።

"እሺ አባ" አለ፤ አላቅማማም።

ጾመውም። ሰው እንደሚያስበው ተደብቆ የገባ እንዳይመስላችሁ፤ እኔ ሳላጣራ የምቀር ሰው አይደለሁም። ለጨው ብዬ ወጥቼ በጌም ቤቱ በኩል ዞሬ አያለሁ፤ የለም። ጓደኞቹን እጠይቃለሁ፤ "እሱማ መነኩሴ ሆኗል" ብለው ይስቁበታል። ከትምህርት ቤት መጥቶ ይቀመጣል፣ ያነባል፣ ዛላ ይቀነጥሳል። የሚያወራልኝ ስላልነበረው ቤቱ ጭር አለብኝ እንጂ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አባን ባገኘኋቸው ቁጥር አመሰግናቸው ነበር።

ደብረ ዘይት ካለፈ በኋላ አንድ ቀን፣ በርበሬ እያሰጣሁ ሳለ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

"እማዬ፣ ሦስተኛው ወጥቷል።"

"የምን ሦስተኛ?" አልኩት፣ እያወቅሁ።

"የባለገመዱ። ሞጣ ገብቷል አሉ። የእኛው አገር ማሽን አሮጌ ስለሆነ አይችለውም።"

"አንተ ጾም ላይ ነህ።"

"አውቃለሁ። እስኪፈታ ነው የምጠብቀው።"

ይህን ብሎ በሰላም ወደ ውስጥ ገባ። እኔ ስጡ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ለካ ጾም መፍቻ አለው! ሁዳዴን ሙሉ ጾሞ ፋሲካ የደረሰ ሰው እንዴት እንደሚበላ የማላውቅ ይመስል፣ ርሃቡን በገዛ እጄ አጠራቅሜለታለሁ። መፈሰኪያውን ደግሞ ከፈተናው ፊት ለፊት አስቀምጬለታለሁ። በዚያ ላይ ፋሲካ በየዓመቱ የምንሄደው ሞጣ፣ እህቴ ቤት ነው።

በማግስቱ ነጠላዬን አጣፍቼ አባ ዘንድ ሄድኩ።

"አባ፣ ትንሽ ቢያራዝሙት?"

"ምኑን? ሁዳዴን?"

"የጌሙን ብቻ። እስከ ፈተናው።"

"ልጄ፣ ጌታ ተነሥቶ እኔ ጹም የምል ቄስ ነኝ? በበዓለ ሃምሳ ጾም የለም" አሉኝ።

ፈተናው የሚውለው በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ነበር። እጃቸው ላይ ያለውን መስቀል ተሳልሜ ተመለስኩ።

እህቴ ቤት እንዳንሄድ አስቤ ነበር፤ ግን ምን ብዬ እቀራለሁ? በፋሲካ ማግስት በደብረ ወርቅ በኩል በሚኒባስ ወጣን። ልጄ መስኮቱን ይዞ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣ ሠርግ እንደሚሄድ ሰው ነበር። ሞጣ ደርሰን ዶሮው ቀርቦ፣ ገና እጁን ታጥቦ ሳይጨርስ ሹልክ ሊል ሲል ነጠላዬን አነሳሁ።

"የት ነው እትዬ?" አለች እህቴ።

"አብሬው ልሂድ።"

"ኧረ በማርያም! እንደ ጥጃ አስረሽ ልትይዥው ነው?"

"ፈተና አለበት።"

"ፈተናውስ የመጣው አንቺ ላይ ነው!" ብላ ሳቀችብኝ።

አብሬው ሄድኩ። ቤቱ ቆርቆሮ ነው፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ ተሸፍኗል፣ በር ላይ የልጅ ጫማ ተከምሯል። እኔን ሲያዩ፣ ልጄን ከአምናው ፋሲካ የሚያውቀው አንዱ ጮኸ፦ "ባለገመዱ ከነእናቱ መጣ!" ሌላው ደግሞ "እናት፣ ለእርስዎም ጆይስቲክ ይምጣ?" አለኝ። የቤቱ ባለቤት፣ ጎልማሳ ነው፣ ገሠጻቸውና የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ አስቀመጠኝ። እስኪመሽ ልቀመጥ ቆርጬ ነበር። ካበዛው ጎትቼው እወጣለሁ ብዬ ነው።

ተራው ደርሶ ልጄ ጆይስቲክ የሚሉትን የመጫወቻ እጀታ ያዘ። እኔ ቴሌቪዥኑን አላየሁም፤ የእሱን ፊት ነው ያየሁት። መጀመሪያ ፈገግ አለ። ከዚያ አንገቱን ሰገግ አደረገ። ከዚያ ግንባሩ ተቋጠረ።

"ገመዱስ?" አለ።

"ገመድ ቀረ። አሁን ጠመንጃ ነው" አለው ባለቤቱ።

"ገደሉን በምን ሊወጣው?"

"አይወጣም፤ በሄሊኮፕተር ያደርሱታል።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ልጄ አልሳቀም። ጥቂት ተኮሰ፣ ጥቂት ሮጠ፣ ሰዎች እየመጡ ይወድቁለታል። ዞር ብሎ "ወንድሙስ የት ነው የሚገኘው?" አለ።

"አይገኝም። እኔ ጨርሼዋለሁ። ስሙንም የሚያነሳው የለም።"

"እንዴት አያነሱትም? ሁለተኛው ላይ ወንዙ ወስዶት..."

"እኔን ምን ትለኛለህ፣ እኔ አልሠራሁት!"

አጠገቡ የነበረ ጸጉረ ብዙ ልጅ "ምስሉን ግን ተመልከት፤ ላቡ ሁሉ ይታያል እኮ" አለው።

"ምን ሠርቶ ነው የሚያልበው?" አለ ልጄ።

ጊዜው ሳይሞላ ጆይስቲኩን ለዚያ ልጅ ሰጥቶ ተነሣ። ቶሎ የምንሄድ መስሎኝ አልነበረምና ሳጥኑ ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። "እማዬ፣ እንሂድ" ያለው እሱ ነው።

መንገድ ላይ "አለቀ?" አልኩት።

"አላለቀም። ተውኩት።"

"ተመስገን" ከአፌ አመለጠኝ።

"ደስ አለሽ አይደል?"

"በምን ደስ ይለኛል" አልኩና ፊቴን ወደ አጥሩ አዞርኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። ከትከሻዬ ላይ አንድ ጆንያ በርበሬ የወረደልኝ ያህል ነበር። እሱ ግን ዓይኑ እንባ ሞልቶ "ያን ሁሉ ጊዜ ጠብቄ እኮ ነው" ሲለኝ አንጀቴን በላው። ደግሞ እውነት ለመናገር፣ የወንድሙ ነገር እኔንም ከንክኖኝ ነበር። ሰው እንዴት ወንድሙ ውኃ ወስዶት ሳይፈልገው ጠመንጃ ይዞ ይዞራል? እኔ በርበሬ ነጋዴ ነኝ። ደንበኛ አምናና ካቻምና የቀመሰውን ፈልጎ ሲመጣ ሌላ ነገር ብሰፍርለት ተመልሶ እንደማይመጣ አውቃለሁ። እነዚያ ሰዎች አላወቁም። በየትኛው አገር እንዳሉ እኔም አላውቅም። እኔ የለመንኩት፣ አባም የገዘቱት ያላደረገውን እነሱ ሥራቸውን አበላሽተው አደረጉልኝ። ሳልመርቃቸው አልቀረሁም።

እህቴ ቤት ደርሰን ዶሮውን በላ። በልቶ ሲያበቃ "ነገ ብንሄድ ምን ይመስልሻል? ፊዚክስ ይቀረኛል" አለኝ። እህቴ እኔን አየችኝ። እኔ ወጡን አየሁ፤ ሳቄ እንዳይታይብኝ ነው።

እስከ ፈተናው ድረስ ግን ሙሉ በሙሉ አልረጋሁም። ሦስተኛውን ቢጠላ የመጀመሪያውን ደግሞ ሊጀምር ይችላል ብዬ ሰጋሁ። አንዴ ሁለቴም ሄዶበታል። ያው ብዙም ሳይቆይ ይመለሳል። "የሚመጣ ነገር ከሌለው ምን ያደርጋል" ይል ነበር። ዛላ እየቀነጠሰ ስለ ባለገመዱ የሚያወራልኝም ቀረ፤ የፊዚክሱን ጥያቄ ጮክ ብሎ ያነባል፤ እኔ አንዱንም አልሰማም፣ ድምፁን ብቻ እሰማለሁ።

ውጤት የመጣው ከዘመን መለወጫ በኋላ ነው። አለፈ። ከጓደኞቹ ያላለፉ ነበሩ። የሰሊጥ አጨዳ ሊጀምር ስለነበር አንዱ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ቤታችን እየበላ ያደገው፣ ከሌሎች ጋር ወደ መተማ ሊሄድ ተነሣ። በማለዳ መጥቶ ተሰናበተኝ። ቆሎና ድርቆሽ ቋጠርኩለት፤ "አጎበር ሳትይዝ እንዳታድር" እያልኩ ደጋግሜ ነገርኩት። ልጄ ጥቅሉን ተሸክሞለት አብረው ወጡ።

እኔ ደጅ ላይ ቆምኩ። ሽኝት ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ማለፉንም አውቃለሁ። ቢሆንም አውቶቡሱ ጡሩምባውን ነፍቶ ከመናኸሪያው ሲወጣ እሱም አብሮ የሄደ መሰለኝ። ከዚያ ልጄ በአጥሩ ጥግ ብቅ አለ፤ ጥቅሉ የለም፣ እጁ ባዶ ነው፣ አንገቱን ደፍቷል።

"ሄዱ?" አልኩት።

"ሄዱ።" ጫማውን ደፉ ላይ አራገፈ። "እማዬ፣ ቁርስ አለ?"

"አለ፣ ግባ" አልኩት።