ለአባ ብስክሌት ጎማ የመረጥንበት ቀን

አምቦ የመጣሁት ተድሬ ነው። ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው፤ ባለቤቴን ያወቅሁት ነርስነት ስማር ነበር። በተጋባን በዓመቱ እሱ ለትምህርት አዲስ አበባ ሄደ። እኔ ጉደር ጤና ጣቢያ ተመድቤ ስለነበር ከወላጆቹ ጋር አምቦ ቀረሁ። አባቱን እንደ ልጆቻቸው «አባ»፣ እናቱን ደግሞ በኦሮምኛ «ሀርሜ» እያልኩ እጠራቸዋለሁ። ሁለቱም አማርኛ ይችላሉ። ሲደሰቱና ሲቆጡ ግን ወደ ቋንቋቸው ይመለሳሉ፤ ያን ጊዜ ደስታውን ከቁጣው የምለየው ፊታቸውን አይቼ ነበር።

ጉደር ለአምቦ ቅርብ ነው፤ ችግሩ መድረሱ ላይ ነበር። ጠዋት ሚኒባሱ እስኪሞላ ይጠበቃል፤ ከሞላም በኋላ ሰው ይጨመርበታል። እኔ ስደርስ ካርድ ያወጡ እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ደጁን ሞልተውት አገኛለሁ።

አንድ ቀን ጆንያ ፍለጋ ዕቃ ቤት ስገባ በላስቲክ ተጠቅልሎ ግድግዳ የተደገፈ ነገር አየሁ። ገለጥ ሳደርገው የእሽቅድምድም ኮርስ ብስክሌት ነው፤ መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የታጠፈ፣ ሰማያዊ ቀለሙ ገና ያልደበዘዘ። ጎማዎቹ ግን ተሰነጣጥቀዋል፤ ቸርኬዎቹ ዝገው ጠመዋል፣ ሽቦዎቻቸውም ተበጣጥሰዋል።

ሀርሜን ብጠይቃቸው ሳቅ አሉ። አባ ጎረምሳ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሳሉ በዚህ ብስክሌት ጊንጪ ደርሰው ይመለሱ ነበር። ሳይጋቡ ሀርሜን ሊጠይቁ የሚመጡትም በዚሁ ነበር። ኋላ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆነው ሲመረጡ ግን ሰው ምን ይለኛል ብለው ጠቅልለው አስቀመጡት።

እኔ ብስክሌት የለመድኩት ከወንድሞቼ ጋር እየተጋፋሁ ነው። እራት ላይ ደፈር ብዬ፣ ብስክሌቱን ባስጠግነው ጉደር እንድሄድበት ይፈቅዱልኝ እንደሆነ አባን ጠየቅኋቸው። ቀድመው የመለሱት ሀርሜ ናቸው። ባሏ የሌለ ሙሽራ በብስክሌት ከተማውን ስታቋርጥ ሰው ምን እንደሚል፣ ብወድቅስ ለልጃቸው ምን እንደሚሉት ጠየቁ። አባ አንገታቸውን ደፍተው መብላታቸውን ቀጠሉ። እምቢ ማለታቸው ነው ብዬ ተውኩት።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ግን ብስክሌቱን ግቢው መሃል ተገልብጦ አገኘሁት። አባ እጅጌያቸውን ሰብስበው ካቴናውን በነጭ ጋዝ ያጥባሉ።

«ሌላው ሁሉ ደህና ነው» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «የጎደለው እግሩ ብቻ ነው። ቅዳሜ መርካቶ እንሄዳለን።»

ለመርካቶ የለበሱት የእሑድ ሱፋቸውን ነበር። ባለቤቴ ፈተና ላይ ስለነበር አዲስ አበባ መምጣታችንን አልነገርነውም። የብስክሌት ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ገብተው ወዲያው ከሁሉም ቀጭኑን ጎማ አስወረዱ። ከአውራ ጣቴ አይበልጥም። በመዳፋቸው ዳበሱትና «ይሄ ነው፤ ይሄ መሬት አይነካም» አሉ። እንዲህ ሲያበራ ፊታቸውን አይቼው አላውቅም ነበር። ዝም ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። ግን ያን መንገድ በየቀኑ የምሄድበት እኔ ነኝ።

«አባ፣ የጉደር አስፋልት ዳሩ ተበልቷል። መኪና በመጣ ቁጥር ጠጠሩ ላይ መውረዴ ነው። በዚህ ከወረድኩ ጤና ጣቢያ የምደርሰው ታካሚ ሆኜ ነው።»

ባለሱቁ ሳቀ። እኔ ወፍራምና ጥርሳም የሆነውን አሳየኋቸው። አባ ከኪሳቸው ስንጥር አወጡ፤ ጎማ የሚገባበትን የብስክሌቱን ሹካ ስፋት ለክተው የቆረጡት ነው ለካ። ጎማው ላይ ሲያጋድሙት ጎማው በሁለቱም በኩል ተረፈ። «ሹካው አያስገባውም» አሉ፤ ድምፃቸው ላይ ትንሽ ደስታ ያለ መሰለኝ።

ባለሱቁ ከወደ ጓዳ በሁለቱ መካከል የሆነ ጎማ ፈልጎ አመጣ። ጥርሱ ብዙም አይደለም፤ ግን ጠጠር የሚችል ሆደ ሰፊ ነገር ነው። ስንጥሩ ልክ አለው። አባ ጎማውን እያገላበጡ ብዙ ቆዩ።

«በዚህ ጎማ ኮርስ ስነዳ ቢያዩኝ ጓደኞቼ ይስቁብኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ግን የምትነጂው አንቺ ነሽ።»

ቀጥሎ ለቸርኬው ባለሱቁን አንገላቱት። አንዱን በዘንጉ በሁለት እጃቸው ይዘው ዓይናቸው ፊት ያቆሙና እኔን አዙሪው ይሉኛል፤ ወደ ጎን ከተወላገደ ይመልሱታል። የተመለሰው ተደርድሮ መተላለፊያ ጠፋ። አንዱን ግን ሳይመልሱ ወደ እኔ ዘረጉት።

«ኢንተላ ኮ፣ ያዢው። አንቺም እዪው።»

ልጄ ማለታቸው ነው። እስከዚያ ቀን ይጠሩኝ የነበረው ሙሽሪት እያሉ ነው። ቸርኬውን ዓይኔ ፊት አቁሜ እሳቸው ሲያዞሩት ጠመመ አልጠመመ አላየሁም፤ ዓይኔ እንባ ሞልቶት ነበር። ቀጥ ያለ ነው አልኳቸው።

ስንመለስ የአውቶቡሱ ረዳት ቸርኬዎቹን ጣሪያ ላይ ልሰር ቢል አባ እምቢ አሉ። አንዱን እሳቸው፣ ሌላውን እኔ ጭናችን ላይ አድርገን አምቦ ገባን። ጊንጪ ላይ የተሳፈሩ አንዲት እናት ሲያዩን ቆይተው ቀሪውስ የት እንዳለ ጠየቁ። አባ ኮስተር ብለው ቤት እየጠበቀን ነው አሏቸው።

ከቀሚሴ ሥር ሱሪ ለብሼ ጉደር መመላለስ ጀመርኩ። መጀመሪያ ሰው ቆሞ ያየኝ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች አንዱ ስለ ምራታቸው ቢያነሱባቸው አባ፣ ታማሚ እየጠበቃት ነው ብለው ብቻ መለሱ። ሀርሜ ለጥቂት ጊዜ አኮረፉ። ጉደር ሽንኩርት ርካሽ መሆኑን ስነግራቸው ግን ከኋላ ዕቃ መጫኛ እንዲበየድለት ያዘዙት እሳቸው ናቸው።

በሁለተኛው ዓመት፣ ባለቤቴ ለዕረፍት መጥቶ ከሄደ በኋላ፣ ማርገዜን አወቅሁና ብስክሌቱን ተውኩ። አባ ግን ጎማውን በየቀኑ በጣታቸው ይጫኑታል። አንድ ቀን «የቆመ ጎማ ይሰነጠቃል» ብለው ይዘውት ወጡ። መጀመሪያ እየገፉ ነበር የሚያንሸራሽሩት። ኋላ ኳስ ሜዳው ላይ ሲነዱ ታዩ የሚል ወሬ መጣ። እኔ ስወልድ በጠራራ ፀሐይ፣ በባርኔጣ፣ በዋናው አስፋልት ይሄዱ ጀመር። ምን ይለኛል ብለው የፈሩት ሰው ሁሉ ባርኔጣውን እያነሳ «አከም ጅርተን፣ ኦቦ» ብሎ በአክብሮት ሰላም ይላቸዋል እንጂ የሳቀ አልነበረም።

ባለቤቴ አራስ ሊጠይቅ ሲመጣ ልጁን ገና ሳያቅፍ በሩ ላይ ቆመ።

«ከተማው መግቢያ ላይ አባን ያየሁ መሰለኝ» አለ። «ብስክሌት ላይ።»

ሀርሜ ገንፎውን ማማሰላቸውን አላቋረጡም።

«ጎማው እንዳይሰነጠቅ ነው» አሉት።

ወዲያው አባ ላብ በላብ ሆነው ገቡ። ብስክሌቱን ቀስ ብለው ግድግዳ አስደገፉ፤ እጃቸውን በመሐረብ ጠረጉና ልጃቸውን አቀፉት።