የዴልፊና ግራ እግር

የግራ ጫማዋ ማሰሪያ በመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ነበር፤ የቀኙ በሦስተኛው።

ይህን ያስተዋለ ሰው አልነበረም። በፓራጓይ ዋና ከተማ በአሱንሲዮን ገበያ፣ በቅጠል ሻጮቹ ተርታ፣ ዴልፊናን የሚያይ ሁሉ የሚያየው እጆቿን ነው። ሕዝቡ ቴሬሬ የሚለውን ቀዝቃዛ የቅጠል መጠጡን ሊጠጣበት በረዶ የሞላ ማሰሮውን ይዞ ይመጣል፤ እሷ «ምንህን ነው?» ትላለች፤ ጨጓራዬን፣ እንቅልፌን፣ ወይም ልቤን ይላታል። ከዚያ ቅጠሉን ከሙቀጫው ትጨምርና ዘነዘናውን ታነሣለች፤ እርጥብ አረንጓዴ ሽታ እስከ መንገዱ ማዶ ይሄዳል። የአንድ ከተማ ሕመም ሁሉ በአንዲት ሙቀጫ ውስጥ በየተራው ሲወቀጥ መዋሉ እንዴት ያለ ነገር ነው!

ሠላሳ አንድ ዓመት ቆማ ወቅጣለች። በሙቀቱ ወራት ማታ ማታ ሁለቱም እግሮቿ ያብጣሉ። «ዳቦዎቼ ኩፍ አሉ» ትልና ሣጥን ላይ ተቀምጣ ከቅጠል ጆንያው ላይ ትሰቅላቸዋለች። እኩል ይነፋሉ፤ ጠዋት እኩል ሟሽሸው ይገኛሉ። በዚህ ተጨንቃ አታውቅም።

የሰው እግር ሲሆን ግን ጠያቂ ናት። አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ሁለቱ ቁርጭምጭሚቶቹ አብጠውበት ቢመጣ ቅጠል ከመስጠቷ በፊት «በዚህ ወር ምን አዲስ ነገር ዋጥክ?» አለችው። የደም ግፊት ኪኒን ጀምሯል። «እንግዲያው ወደ ሰጠህ ሰው ተመለስ። በገዛ እጅህም እንዳታቋርጠው፤ የኔንም ቅጠል እንዳትደርብበት» አለችና ባዶ እጁን ሰደደችው። አንዲት ነፍሰ ጡር ደግሞ ፊቷና ጣቶቿ አብጠው፣ ቀለበቷ አልወጣ ብሎ፣ ራሷን እየፈለጣት ብትመጣ ዴልፊና ዘነዘናውን ጥላ መንገድ ላይ ታክሲ አስቆመች። ሦስት ትራስ ካልደረበ መተንፈስ የማይችለውን እግረ እብጥ ሽማግሌም እንዲሁ ሸኝታለች። «ቅጠሉን አውቃለሁ፤ የማላውቀውንም አውቃለሁ» ትል ነበር።

በኅዳር መጨረሻ ከቦነስ አይረስ ተመለሰች። እዚያ የምትኖረው ልጇ ሚርታ በጭንቅ ስታምጥ ዴልፊና በካኩፔ ከተማ ለምትከበረው እመቤታችን ስለት ገብታ ነበር፤ «ሕፃኗ በሰላም ከወጣች ከአሱንሲዮን ደጅሽ ድረስ በእግሬ እመጣለሁ» ብላ። ሕፃኗ እየጮኸች ወጣች። አያት የሆነችው ሴት አንድ ቀንና አንድ ሌሊት በአውቶቡስ መስኮት ሥር ተቀምጣ ወደ አገሯ መጣች። ጎኗ የተቀመጠውን ሰው ላለመቀስቀስ ስትል አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሣችም። ለእመቤታችን ዓመታዊ በዓል ስምንት ቀን ቀርቶታል።

በሦስተኛው ቀን ግራ እግሯ እስከ ባቷ ድረስ ተወጥሮ አደረ። ጠዋትም አልጎደለም። የፈረስ ጭራ የሚባለውን ሣር ወቅጣ ለራሷ ጠጣች፤ ደግማም ጠጣች።

«አንቺ!» አለቻት ጎረቤቷ ሳቱርኒና። ሞራና ቅባት ትሸጣለች፤ ሁለቱ ለሃያ ዓመት ጎን ለጎን ተሰዳድበዋል። «አንዱን እግርሽን ቦነስ አይረስ ላይ ለወጡብሽ እንዴ?»

«የመንገድ ነው። ምን አገባሽ?»

«ምን አገባኝማ! አንቺ ከሞትሽ ማንን ልሰድብ ነው?»

በየዓመቱ በበዓሉ ዋዜማ ሌሊት ወደ ካኩፔ ከሚደረገው የእግር ጉዞ በፊት ባለው ሳምንት የገበያው ሴቶች አንዷ የሌላዋን ባት በሞቀ ሞራ ማሸት ልማዳቸው ነው፤ ያልታሸ እግር ካኩፔ አይደርስም ይላሉ። ሳቱርኒናም ሞራዋን አሙቃ፣ እጅጌዋን ሰብስባ ተንበረከከች።

«ጠበቅ አድርጌ ላሽልሽ፣ ነገ እንደ ፍየል ትዘያለሽ።»

«ቀስ! ያቃጥላል።»

«ገና መቼ ነካሁሽና?»

«ይተዉ! እጅዎን ያንሱ!» የሚል ድምፅ ከኋላቸው መጣ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ግላዲስ ናት፤ ዘወትር ጠዋት ማሰሮዋን ይዛ ትመጣለች። ማሰሮውን መሬት አስቀምጣ ከዴልፊና እግር ሥር ቁጢጥ አለች። ሁለቱን ባቶች አስተያየች፤ በአውራ ጣቷ ቀስ ብላ ነካ አደረገች፤ የነካችበት ጎድጎድ ብሎ ቀረ።

«እብጠቱ አንዱ ላይ ብቻ ነው፣ እትዬ ዴልፊና?»

«አንዱ ላይ ብቻ።»

«ይሞቃል። ያምዎታል?»

«ስቆም ይይዘኛል።»

«ትንፋሽ ያጥርዎታል? ደረትዎን ይወጋዎታል?»

«ኧረ የለም።»

«ተመስገን። በሉ እንሂድ፣ ሆስፒታል።»

«ዛሬ ገበያ ነው እኮ! ነገ...»

«አንድ ደንበኛ በዚህ እግር ቢመጣብዎት ምን ይሉታል?»

ዴልፊና ጎንበስ ብላ ጫማዋን ሳበች።

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» አለች ሳቱርኒና።

«እርስዎም ዝም ይበሉ፣ ሊያሹት ነበር!» አለች ግላዲስ። «ለረጅም ሰዓት ሲቀመጡ ደም እግር ውስጥ ሊረጋ ይችላል። የረጋው ተላቆ ሳንባ ከገባ ለሕይወት ያሰጋል።»

ሳቱርኒና የሞራ እጇን እንደ ወንጀለኛ ወደ ላይ አንሥታ ቀረች። ዴልፊና ግን ሌላ ነገር ነበር የሚያስጨንቃት።

«ስለቴስ? ሃምሳ ኪሎ ሜትር እኮ ነው!»

«መጀመሪያ የሚሄደው ሰው ይኑር።»

ሆስፒታል ውስጥ አንድ ጢሙ ገና ያልሞላ ሐኪም ባቷን ቀዝቃዛ ነገር ቀብቶ መሣሪያውን አስኬደባት። በመሣሪያው መስኮት ላይ ጥቁር ወንዝ ታየ። ይህ ሁሉ ውኃ በውስጧ ሲፈስ ኖሮ አንድ ቀን እንኳ ድምፁን አልሰማችም!

«እዚህ ጋ ይታይዎታል? ደሙ ቆሟል። እንደ እርጎ ረግቷል» አለ ሐኪሙ። «ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለወራት ይወስዳሉ። ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ደረትዎን ከወጋዎት ወይም ደም አልቆም ካለዎት ወዲያው ይምጡ። ቅጠል ይጠጣሉ?»

«የጠዋቱን ልንገርህ የከሰዓቱን?»

ሐኪሙ ጻፈ፤ ገጽ ገልብጦ ጻፈ። በአሥራ ዘጠነኛው ቅጠል ላይ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ለጊዜው ሁሉንም ይተዉ። ከመድኃኒቱ ጋር የሚጣላ አይጠፋም።»

«ናናንም?»

ሐኪሙ ከጠረጴዛው ሥር ያለውን የራሱን ማሰሮ ሰረቅ አድርጎ አየ፤ ናና ተንሳፍፎበታል። «የናናውን... ጠይቄ እነግርዎታለሁ።»

«ካኩፔስ?»

«መሄድ ጥሩ ነው፤ ጠላትዎ መቀመጥ ነው። በአንድ ሌሊት ሃምሳ ኪሎ ሜትር ግን አይሆንም። ከሦስት ቀን በኋላ ልይዎት፤ ከዚያ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት።»

ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ እንባዋ መጣ። ሳቱርኒና ስትጠብቃት ነበር።

«ቃሌን በላሁ።»

«ቆይ፤ ስትሳይ በአንድ ሌሊት ብለሻል?»

«አላልኩም።»

«ሳላርፍ ብለሻል?»

«አላልኩም። በእግሬ ነው ያልኩት።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል፣ አንቺ ሞኝ! እመቤታችን እንደሁ የትም አትሄድ።»

ዴልፊና አፍንጫዋን ጠረገች፤ ከዚያ በሳቅ ፈነዳች። በየማለዳው ሁለት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፤ በአውቶቡስ ትመለሳለች፤ በማግስቱ ካቆመችበት ትቀጥላለች። በወር ትደርሳለች። ሐኪሙ በቀጠሮዋ ቀን እግሯን አይቶ፣ እቅዷን ሰምቶ፣ «ለሌሎች ታማሚዎቼም ይህን ስለት ባዘዝኩላቸው!» አለ።

በበዓሉ ማግስት ጠዋት ተሳላሚው በየአውቶቡሱ ተጭኖ ወደ ከተማ ይመለስ ነበር። ጫማቸውን በእጃቸው የያዙ፣ ሁለት እግራቸው እንደ ሐብሐብ ያበጠ፣ ደስ ብሏቸው የሚያነክሱ ሰዎች ናቸው። ሳቱርኒናም ከእነሱ መሐል ወረደች። ዴልፊና ጠበቅ ያለ ረጅም ካልሲ አድርጋ በተቃራኒው አቅጣጫ ቆማለች።

«ወደ ቤትሽ ሂጂና እግርሽን ስቀይ!» አለቻት ዴልፊና። «ነገ ጠዋት ካልጎደለ ንገሪኝ።»

«ዛሬ እስከ የት ነሽ?»

«እስከ ነዳጅ ማደያው!»

ይህን ብላ፣ ከሚመለሰው ሕዝብ መሐል መንገድ እያስለቀቀች፣ ፀሐዩን ፊት ለፊት ተቀብላ ሄደች።