የአንድ ቢያጆ ልክ

ኮምፒውተር የተማርኩት በሃምሳ ዓመቴ፣ አዳማ ውስጥ ካለ አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት በሰዓት እየከፈልኩ ነው። አስተማሪ አልነበረኝም። ከዚያ በፊት ግንበኛ፣ ቀጥሎም ፎርማን ነበርኩ፤ የሥራ ዋጋ የምገምተው በሲሚንቶ ከረጢት ጀርባ ላይ በእርሳስ ነበር። ኤክሴል ላይ አንዱን ቁጥር ስቀይር ሌላው ሁሉ አብሮ ሲቀየር ባየሁ ቀን ብቻዬን ሳቅሁ። ልጆቼ ስስቅ ብዙ አያውቁኝም።

እነሱ የሚያውቁት ምክሬን ነው። "ሰነፍ ይገምታል፣ ትጉህ ይለካል" እላቸዋለሁ፤ ገበታ ላይም፣ ፈተና ሲደርስም። አባባሉን ያወጣሁት እኔው ነኝ። ትንሿ ልጄ ገና አፌን ስከፍት ቀድማኝ ትጨርሰዋለች።

ባለፈው ዓመት ከመልካሳ ወጣ ብላ ላለች መንደር አራት መማሪያ ክፍሎች እንዲሠሩላት ተፈቀደና የዋጋ ግምቱን እንዳዘጋጅ ተጠራሁ። ቦታውን በሜትር ለካሁ፣ አፈሩን ቆፍሬ አየሁ፣ ከመሠረት እስከ ቆርቆሮ ያለውን ሁሉ በሰንጠረዥ አሰፈርኩ። ድምሩ ከተያዘው በጀት እጅግ በለጠ። ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሦስት ክፍል ብቻ ይሠራ፣ የአንደኛ ክፍል ልጆች እስካሁን እንደነበሩት ከሰዓት በኋላ በፈረቃ ይማሩ የሚል ሐሳብ ቀረበ።

ርዕሰ መምህርቷ ረጋ ብላ የምትናገር ወጣት ሴት ናት። የዚያ አገር የከሰዓት ሙቀት ቆርቆሮ ሥር ለተቀመጠ የስድስት ዓመት ልጅ ፊደል እንደማያስቆጥር አስረዳች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ቁጥሩን አንድ ጊዜ ደግሜ እንዳየው ለመነችኝ።

"ልጄ፣ ሰንጠረዥ አይሳሳትም" አልኳት።

ውሳኔው ለሳምንት ተቀጠረ።

ልመናዋ ከነከነኝ ብል ውሸት ይሆናል። የከነከነኝ መጠርጠሯ ነበር። ትክክል መሆኔን ላሳያት በማግስቱ ሞጆ ሄድኩ። የአሸዋና የጠጠር ዋጋ በስልክ አልጠይቅም፤ መኪናው ከቆመበት ሄጄ ከሾፌሩ አፍ ነው የምሰማው። መንገድ ዳር፣ በገልባጭ መኪናው ጥላ ተቀምጦ ምሳውን የሚበላ ሾፌር አገኘሁ። ሳያውቀኝ "ኦቦ፣ ይቅረቡ" አለኝና ቦታ ለቀቀልኝ። የአንድ ቢያጆ፣ የአንድ ምልልስ ሙሉ ጭነት ማለት ነው፣ የአሸዋ ዋጋ ጠየቅሁት። የነገረኝ ሰንጠረዤ ላይ ካለው ጋር አንድ ነበር። ደስ ብሎኝ ልነሳ ስል ስንት ቢያጆ እንደምፈልግ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ማኘኩን አቆመ።

"ኦቦ፣ የሚሠሩት ትምህርት ቤት ነው ግድብ?"

"አራት ክፍል ነው።"

"ቢያጆውን በስንት ሜትር ኩብ አስበውት ነው?"

"በስምንት ነዋ።"

ተነስቶ የመኪናውን ጎን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። "ይቺ አሥራ ስድስት ነው የምትጭነው። የስምንቷን የት አገኟት? እሷን እኮ የነዳት አባቴ ነው።"

ሜትሬን አውጥቼ ጫፉን ያዝልኝ አልኩት። እየሳቀ ያዘልኝ። ርዝመቱን፣ ወርዱንና ከፍታውን ለክተን አባዛሁት፤ አሥራ ስድስት ከምናምን ወጣ።

ወጣት ግንበኛ ሳለሁ ሥራ ቦታችን የምትመጣው ገልባጭ ስምንት ሜትር ኩብ ነበር የምትይዘው። ለእኔ ቢያጆ ማለት እሷ ሆና ቀረች። ስለዚህ የመኪናውን ምልልስ የቆጠርኩት በድሮዋ ትንሽ መኪና፣ ዋጋውን ያስገባሁት በዛሬዋ ትልቅ መኪና ነበር። አሸዋው፣ ጠጠሩ፣ ድንጋዩ፣ የወለሉ ሙሌት ሁሉ እጥፍ ሆኖ ነበር። ምድሩን ሁሉ ስለካ መኪናዋን ገምቻታለሁ።

ቤት ገብቼ ትንሿን ልጄን አጠገቤ አስቀመጥኳትና ያንዷን ሳጥን ስምንት አጥፍቼ አሥራ ስድስት ጻፍኩ። ቁጥሮቹ ከላይ እስከ ታች ወረዱ፤ ድምሩ በጀቱ ውስጥ ገባ። ልጄ አንዴ ኮምፒውተሩን፣ አንዴ እኔን እያየች "አባዬ፣ ሰነፍ ምን ያደርጋል?" አለችኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እቆጣት ነበር። "ይገምታል" ብዬ መለስኩላት።

አንድ ነገር ግን ልናዘዝ። ወደ ስብሰባው ስሄድ ሚኒባሱ ውስጥ "የአሸዋ ዋጋ ቀነሰ" ብዬ ለማለፍ አስቤ ነበር። ማንም አይነቃብኝም ነበር። ልጆቼን በውሸት የማሳድግ አባት ብሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር፤ ግን እንዲያ አላሳደግኋቸውም። ኮሚቴው ፊት ቆሜ ስህተቱ የእኔ መሆኑን፣ በጀቱ አራቱንም ክፍሎች እንደሚያሠራ፣ ርዕሰ መምህርቷንም ያለ አግባብ እንደተናገርኳት ገለጽኩ። አንድ አዛውንት ገበሬ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "እኔም ከብቶቼን አሁን ድረስ በአባቴ ጊዜ በነበሩት ልክ ነው የማወራው፤ ሚስቴ ናት የምታርመኝ" አሉ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ።

ርዕሰ መምህርቷ ግን አልሳቀችም።

"ይድገሙልኝ" አለች።

"አራቱም ክፍሎች ይሠራሉ።"

"አንዴ ደግሞ።"

ደገምኩላት። ያን ጊዜ ፊቷ በራ።

ስንወጣ የአንደኛ ክፍል ልጆች ለከሰዓቱ ፈረቃ በር ላይ ተሰልፈው ነበር። ሕንጻው ሲያልቅ እናንተም ጠዋት ጠዋት ትማራላችሁ አለቻቸው። ከፊት የቆመች አንዲት ልጅ ትንሽ አሰበችና "ታዲያ ከሰዓት ምን እንሠራለን?" ብላ ጠየቀች። ርዕሰ መምህርቷ መልሱን ለእኔ ተወችው። ሁሉም አንጋጠው ያዩኝ ጀመር።

"ተጫወቱ" አልኳቸው።

የገዛ ልጆቼ ቢሰሙ አያምኑም።